ዳልቻና የአያቴ ሙስበሃ

የሃይላንድ ክዳን በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲንከባለል የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ከር ከር ከር እያለ ይሄድና ግድግዳ ሲመታ ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ልጄ ሰዓዳ ቤት ዙህር ሰግጄ ጋደም ባልኩ ቁጥር ይህ ድምፅ ይመጣል። ድመቷ ናት፤ ቤቱ ጸጥ ማለቱን አይታ ክዳኗን ከሶፋው ሥር ጎትታ አውጥታ ትጫወታለች። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሰዓዳም «አባየ፣ ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። እውነትም ምንም አልሆንኩም። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነበርና ሐሳቤ ከሐይቁ ዳር ከነበረው ካባቴ ሳር ቤት ደርሶ ተመለሰ። እዚያ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር ነበር፣ የሚንከባለለውም ክዳን አልነበረም።

ያኔ ድመት የሚያዘው ለአይጥ ነው። ጎታ ያለው ቤት ድመት ከሌለው ግማሹን እህል አይጥ ይበላዋልና፣ ሰው ድመት ወደድኩ ጠላሁ አይልም ነበር። እኛ ቤት ሦስት ነበሩ፣ ስም ያወጣንላቸውም እንደ በሬ በመልካቸው ነው። ቡሬ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ሽማግሌ ወንድ ነበር፣ ጉራች እንደ ስሙ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከቤት ይልቅ ውጭ መዋል የሚወድ ነበር፣ ዳልቻ ደግሞ አመድ የመሰለች ቀጭን ሴት ነበረች። ድመት ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ፣ ሐይቁም ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚጀምር ሲጠፋ፣ ሰውም ጥጃም ድመትም ባንድ ጣራ ሥር ተጠግቶ ይውል ነበርና የእያንዳንዱን አመል ያወቅኩት በዚያ ወራት ነው። ቡሬ የሚወደው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር፤ ከማገዶው መካከል መርጦ ያወጣና ባንድ ጎኑ ተኝቶ፣ በፊት እግሮቹ አቅፎ፣ በኋላ እግሮቹ ሲደቃው ይውል ነበር። ጉራች የማይንቀሳቀስ ነገር አይነካም፤ ከሐይቁ ዳር እንቁራሪት በአፉ ይዞ መጥቶ መሐል ቤት ይለቅና፣ እንቁራሪቷ ስትዘል እየዘለለ፣ ስትቆም እየቆመ፣ እናቴ ሁለቱንም በመጥረጊያ ጠርጋ እስክታስወጣቸው ድረስ አይተዋትም ነበር። ዳልቻ ግን የምትወደው ክር ነው። ክር ብቻ ሳይሆን ክር ኖሮት የሚንኳኳ ነገር። የነጠላ ዘርፍ፣ የእንዝርት ጫፍ፣ የከረጢት ማሰሪያ ካየች ዓይኗ ይጠቁርና ኋላዋን እያወዛወዘች ትደበቃለች፣ ከዚያ ትዘላለች፣ ካገኘችው ደግሞ በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ወዴት እንደምትወስደው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህንን አመል ያስተማረቻት አክስቴ ዘይነባ ናት። ዘይነባ ላባቴ ታላቅ እህቱ ናት፣ ልጅ አልወለደችም ተብላ ከባሏ ቤት ስትመለስ አያቴ ታሞ ደረሰችና እሱን አስታማ፣ ከሞተም በኋላ እዚያው ከኛ ጋር ቀረች። የምትተኛው ከጎታው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ነበር። ክረምቱን ስትፈትል ትውል ነበር፣ ስትፈትልም ደረቅ ባቄላ በወስፌ በስታ፣ ሰባቱን በጥጥ ክር ሰክታ፣ የክሩን ጫፍ ከእግሯ አውራ ጣት ላይ ታስረው ነበር። እጇ እንዝርቱን ሲያሾር እግሯ ባቄላውን ያንኳኳል፣ ዳልቻም በዚያ ላይ ትገለባበጣለች። እናቴ ይህንን ስታይ ትበሳጭ ነበር።

«እትየ ዘይነባ፣ ባቄላው ለሰው ሳይበቃ ለድመት?»

«ድመቷ የማትበላውን ነው የሰጠኋት። አንቺ ከምትበይው ምን ቀነስኩብሽ?»

እናቴ ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ፤ አይጣሉም፣ አይስማሙም።

ከአጥራችን ማዶ አያ ደምሴ የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩን፣ ዝናብ ሲይዛቸው እኛ ቤት ይጠለሉ ነበር። አንድ ቀን ዳልቻ ከዘይነባ ጭን ላይ ተኝታ ስታንኮራፋ ሰምተው «ይቺ ድመት ዳዊቷን ትደግማለች» አሉ። በእነሱ ወግ እንዲያ ይባላል። በእኛ ግን ድመት እንዲያ ስትል ዚክር እያደረገች ነው፣ አላህን እያወሳች ነው ይባላል። ዘይነባ ቀና ሳትል፦

«ሴት ናት አያ ደምሴ፤ ሐይቁ ላይ ካለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገቡ፣ ዳዊቱን ከየት ተማረችው?» አለቻቸው።

አያ ደምሴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፣ አባቴም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ።

ይህንን የማወራው ለሳቅ አይደለም። በእኛ ዘንድ ድመት ንጹሕ ናት። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ከተቀዳው ውኃ ብትጠጣ ውኃው አይደፋም፣ መስገጃ ላይ ብትተኛ አትባረርም፣ እሷን መምታትም ሐራም ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዚክር የምታደርግ ፍጥረት በዲን ዕቃ ላይ ጥፋት ታጠፋለች ብሎ የሚያስብ ሰው ባገራችን አልነበረም። ውሻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጠረጠር ነበር።

አሁን ወደ ሙስበሃው ልምጣ። አያቴ ሐጅ ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ነው፣ ዚክር የሚቆጠርበት፣ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው፣ ፍሬው በጣት ብዛት ጠቁሮ የሚያበራ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ የሐር ዘርፍ ያለው። ከምሰሶው ላይ ሁለት ኩላብ ነበር፤ ከታችኛው ጅራፍና ገመድ ይንጠለጠል ነበር፣ ከላይኛው ግን ሙስበሃው ብቻ ነው የሚሰቀለው። አባቴ የሚያወርደው ለመውሊድና አልፎ አልፎ ወዳጃ እኛ ቤት ሲሆን ነው። ወዳጃ ማለት ጎረቤቱ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሰው «አሚን» ይላል፣ ክርስቲያኑም ይመጣል፣ አያ ደምሴ ቀርተው አያውቁም። ዘይነባ ሙስበሃው በታየ ቁጥር ዝም አትልም ነበር። «አባቴ የመጨረሻዋን ዚክር ያደረገው እኔ ጣቱን ይዤለት ነው፣ ለእኔ ይገባ ነበር» ትላለች። አባቴ ደግሞ «ሙስበሃ በወንድ ነው የሚወርድ» ይላል። ይህንን ክርክር አገሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰው ሁሉ አረም ወርዶ ሳለ፣ እኔ ወባ ይዞኝ ከቤት ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ሥራ ፈታሁ፣ ዳልቻም ባጠገቤ ነበረች፣ የባቄላዋ ክር ተበጥሶባት ታዛጋለች። ሙቀጫውን ገልብጬ ቆሜ፣ በዱላ ጫፍ ሙስበሃውን ከላይኛው ኩላብ አውልቄ አወረድኩት። ዘርፉን ወለሉ ላይ ስጎትተው ድመቷ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ምሰሶውን ሦስት ጊዜ ዞረችው፣ በጀርባዋ ተኝታ በአራት እግሯ ያዘችው፣ ፍሬው ሲንኳኳ ጆሮዋ ይቆማል። ብዙ ስቄያለሁ። መመለሱ ግን ከማውረዱ ከበደ። በዱላ ጫፍ ማውለቅ ይቻላል፣ መስቀል አይቻልም። ደጋግሜ ሞክሬ ሲያቅተኝ ከታችኛው ኩላብ፣ ከገመዱ ሥር ሰቀልኩትና ተኛሁ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ቀና ብሎ ያየም አልነበረም።

ያን ዓመት መውሊድ በጥቅምት ገጠመ። እህሉ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የሐይቁ ዳር ሸንበቆ በነፋስ የሚያፏጭበት ጊዜ ነው። አባቴ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እጁን ወደ ላይኛው ኩላብ ሰደደ። ባዶ ሆነበት። ምሰሶውን ዞረ፣ መደቡን ፈተሸ፣ እናቴን ጠራ። የታችኛውንም ኩላብ እኔ ሮጬ አየሁ፤ እዚያም ጅራፉና ገመዱ ብቻ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ተነሣ፣ ቁርበት ተራገፈ፣ ከረጢት ተገለበጠ። ጎታውን ግን ማንም አላንቀሳቀሰም፣ እህል ነበረበት። ማታ ላይ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ይህንን ዕቃ የእኔ ነው ያለ ሰው ከዚህ ቤት አንድ ነው» አለች።

አባቴ አልተቃወማትም።

በሐሙሱ ወዳጃ ዱዓውን የሚመሩት ሼህ ይማም «የወሰደ ሰው እስከሚቀጥለው ሐሙስ ካጥሩ ላይ ይስቀለው፣ ማን ነህ የሚለው የለም» ብለው ለፈፉ። ያገራችን ወግ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በር ይከፈትለታል። አባቴ በየጧቱ ሰባት ቀን አጥሩን ዞሮ ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞላ፣ ልጆች ከበሩ አጠገብ ተቀመጥን፣ ሼህ ይማምም እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«ይህንን አማና፣ ይህንን አደራ የወሰደ፣ ሰላም አይደርበት።»

«አሚን።»

«ያነሳው እጅ እንደ ጭራሮ ይድረቅ።»

«አሚን።»

እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ያነሳው እጅ የእኔ ነበርና፣ ዝም ብል የሚያውቁብኝ መሰለኝ፣ አሚን ብል ደግሞ በራሴ ላይ ነው። ቀኝ እጄን ከግራ ብብቴ ሥር ወሽቄ በአፌ ጮህኩ። አያ ደምሴም አሚን አሉ፣ አባቴ አለ፣ እናቴ አለች። ሼህ ይማም ግን ቆም አሉና ከሴቶቹ በኩል አዩ።

«ዘይነባ፣ አንቺ አሚን አላልሽም።»

«አላልኩም።»

«ስለ ምን?»

«አባቴ አላህን የቆጠረበትን ዕቃ እርግማን አላስቆጥረውም። ምርቃት አምጡ፣ ከሁላችሁ ቀድሜ አሚን እላለሁ።»

«በንጹሕ ሰው ላይ እኮ አይደርስም፣ ምን አስፈራሽ?»

«አልፈራሁም። አልልም አልኩ፣ አልልም።»

እናቴ መሬት መሬት እያየች «ያልነካ ሰው አሚን ለማለት ምን ይከብደዋል» አለች። ነገሩ በዚያ አለቀ። አሚን ያላለ አፍ የወሰደ አፍ ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያ አድርጎ ተረዳው። ወጉ እንደዚያ ነበርና።

በማግሥቱ ዓርብ ጧት ዘይነባ ቁርበቷን ጠቅልላ፣ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ከቤት ወጣች። ዳልቻ እስከ አጥሩ በር ድረስ ተከተለቻት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ወዴት ነው እትየ?»

«አሚን በይ ወደማልባልበት።»

አባቴ ቅሪም አላለም፣ ሂጂም አላለም። ከበሩ ገለል አለላት። ውጫሌ ከምትኖር የእናቷ ወገን ዘንድ መግባቷን የሰማነው ከወር በኋላ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ናቸው፣ ሰው ለሐዘንም ለጸጸትም ጊዜ የለውም። እናቴ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራ ነበር፣ ስሟን ግን አታነሳም፤ ማንም አያነሳም ነበር። እኔ በየጧቱ ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ቀኝ እጄን መዘርጋትና መጨበጥ ነበር። በአጨዳው መካከል እሾህ ወግቶኝ አመልካች ጣቴ አበጠ፣ ጠቆረ፣ እርግማኑ ከዚያ ጀመረ ብዬ አሰብኩና ላባቴ ልናገር ቆረጥኩ። እናቴ ጣቴን በቅቤ አሸችው፣ በሦስተኛው ቀን መግሉ ወጥቶ ዳነ። ጣቴ ሲድን ተውበቴም፣ ልናዘዝ ማለቴም፣ አብሮ ቀረ። ልጅ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ጥር ላይ አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት ጎታው ባዶውን ይወጣና ይመረጋል። በየዓመቱ የሚሠራ ሥራ ነው። አባቴና አያ ደምሴ ጎታውን አቅፈው ሲያነሱ እናቴ መጥረጊያ ይዛ ገባች፣ ገብታም ቆመች። ከጎታው ጀርባ የዳልቻ ግምጃ ቤት ነበር። ሁለት የባቄላ ክር፣ የእንዝርት ሾሪት፣ የኔ የጠፋ የቆዳ ቁራጭ፣ ካያ ደምሴ ነጠላ የተቀደደ ዘርፍ፣ የደረቀ የእንሽላሊት ጅራት፣ ከዚያ ሁሉ በታች አረንጓዴው ሐር። ክሩ ተበልቶ ተበጥሷል፣ ፍሬው ባቧራው ውስጥ ተበትኗል። ዳልቻ ከኋላችን መጥታ፣ በመካከላችን አልፋ፣ አንዱን ፍሬ በእግሯ መታችው። ከር ከር ብሎ ሄዶ ከግድግዳው ተጋጨ።

እናቴ መጥረጊያውን ለቀቀችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ምን አልኩ» ትል ነበር፣ «ምን አልኩ፣ ምን አልኩ።»

ፍሬውን በእንቅብ ለቀምነው። ሼህ ይማም ተጠርተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ዳልቻን አንሥተው የፊት እግሮቿን አንድ በአንድ ገልጠው ተመለከቱ።

«ደህና ነው» አሉ።

አያ ደምሴ አላስቻላቸውም። «ሼህ ይማም፣ ያን ያህል አሚን የጮህነው በድመት እጅ ላይ ነው?» አሉ።

ሼሁ ግን አልሳቁም። «ድመት በደል የለባትም፣ እርግማን አያገኛትም። ባለቤት ያጣ እርግማን ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ወደ ላከው ይመለሳል። አሚን ያልን ሁሉ አለንበት።»

አያ ደምሴም ያን ጊዜ ሳቃቸውን ዋጡና እጃቸውን አዩ። ሁሉም እጁን አየ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ አባቴ።

«ያን ዕለት አሚን ያላለ አፍ ይመርቀን። እሱ ብቻ ነው ከዚህ ነገር ውጭ ያለው።»

አንድ አፍ ብቻ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ማልቀሴን አስታውሳለሁ፣ ቃሌን ግን አላስታውሰውም፤ ኩላቡን በጣቴ አሳየኋቸው፣ ሙቀጫውን አሳየኋቸው። አባቴ እጁን አነሣ፣ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አልመታኝም። «ይህንን ለእሷ ነው የምትናገር» አለኝ።

በውጫሌ ገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር የጭነት መኪና ለምነን ሄድን፤ አባቴ፣ ሼህ ይማምና እኔ። እናቴ አንድ ቁና ባቄላ በከረጢት አስራ ላከች፣ ራሷ ግን አልመጣችም። ዘይነባን ያገኘናት ከበርበሬ ተራ ነው፣ ከትንሽ ክምር ኋላ ተቀምጣ ለአንዲት ሴት ትሰፍራለች። አየችን። መስፈሯን አላቆመችም። ሼህ ይማም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከነጥምጣማቸው ጎንበስ ብለው ከፊቷ ቁጢጥ አሉ፣ እሷም የሴትዮዋን ከረጢት ሞልታ፣ ምርቂት ጨምራ፣ ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

«ተገኘ፣ ዘይነባ» አሉ ሼሁ።

«ከማን እጅ?»

ሼሁ አባቴን አዩት፣ አባቴ እኔን አየኝ።

«ከዳልቻ» አልኩ። «ያወረድኩላት እኔ ነኝ። መስቀል ሲያቅተኝ ከታችኛው ኩላብ ተውኩት።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው።

«አሚን ብለህ ነበር?»

«ብያለሁ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ከሁሉም በላይ።»

«አንተ ቀጣፊ! እስቲ እጅህን አምጣ።»

ቀኝ እጄን በርበሬ በነካ እጇ ይዛ ገለባበጠችው። «አላህ ይባርከው» አለች፣ «የሁላችሁንም እጅ ይባርከው። አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ለአላህ።» ሼህ ይማም አሚን አሉ፣ አባቴ አለ፣ በርበሬ የገዛችው ሴትም ነገሩን ሳታውቅ አሚን አለች። እጄ እስከ ሐይቅ ድረስ ሲያቃጥለኝ ሄደ።

አባቴ ባቄላውን አስቀመጠላት። «ከእናቱ ነው» አላት።

«ለእኔ ነው ለድመቷ?»

«እትየ፣ ተይ በቃ። ተነሽ ወደ ቤትሽ።»

«አልመለስም።»

«አፉ ብያለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ። አፉ ማለት ሌላ፣ መመለስ ሌላ ነው። ጎታው ባይነሳ ኖሮ እኔ ምን ነበርኩ?»

አባቴ የባቄላውን ከረጢት ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ሌባ ነበርኩ» አለች። «አርባ ዓመት የምታውቀኝ ወንድሜ፣ ጎታ እስኪነሳ የምጠበቅ ሰው አድርገኸኛል። እንዲያ ሆኜ እዚያ ቤት አልተኛም።»

አባቴ እንደገና የተሰካውን ሙስበሃ ከደረቱ አውጥቶ ዘረጋላት። ሦስት ፍሬ ጎድሎታል። አየችው፣ ዘርፉን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ እጁን ወደ እሱ መለሰችው።

«አንተው ያዘው። ዳልቻን ላክልኝ፤ እሷ በእኔ ላይ አሚን አላለችም።»

በሚቀጥለው ገበያ ዳልቻን በከረጢት አድርገን ላክንላት። ድመት ወደ ለመደችው ቤት ትመለሳለች ሲባል እሰማለሁ፤ እሷ አልተመለሰችም። በበልግ ሄጄ ሳያቸው ዘይነባ ደጃፏ ላይ ትፈትል ነበር፣ ከእግሯ ጣት ላይ ባዶ የክር ድውር ታስሮ፣ ዳልቻም ከሥሩ ተንጋላ። ዘይነባ እስክትሞት ውጫሌ ኖረች፣ አባቴ በየዓመቱ ከአዲሱ እህል ይልክላት ነበር፣ ትቀበል ነበር፣ እኛ ቤት ግን ለልቅሶም ለሠርግም መጥታ አድራ አታውቅም። ሁሌ ማታውን ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው። አሁን የሰዓዳ ቤት ብሎኬት ነው፣ ጎታ የለም፣ ድመቷም አይጥ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት ቆይታ፣ በዚያ ላቧ ነው ይህንን የሠራችው። ባለፈው ክረምት የወርቅ ጉትቻዋ አንዱ ጠፋ። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ልብስ የምታጥብላት ፋጡማ የምትባል ሴት አለች፣ የሦስት ልጆች እናት። አሁን ወዳጃ አይጠራም፣ ሼህ አይመጣም፣ ካጥር ላይ ስቀሉ ተብሎ ሰባት ቀን አይጠበቅም። ሰዓዳ ስልኳን አንሥታ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ልትላት ነበር፣ ነገሩ ይህንን ያህል አጥሯል። የቀድሞው ይሻላል አልልም፣ ያየሁትን አይቻለሁ።

«ስልኩን አስቀምጪው» አልኳት። ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከግድግዳው አስነሣሁ። አምስት የሃይላንድ ክዳን፣ የፀጉር ማስያዣና የስልክ ገመድ አገኘን። ጉትቻው የለም።

«ይኸው አየህ፣ አባየ» አለችኝ።

«አየሁ። አንቺ ጅዳ ሳለሽ ከማዳምሽ ቤት ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም?»

ሰዓዳ ፊቷ ተለወጠ። ስለዚያ ነገር ነግራኝ አታውቅም፣ አሁንም አልነገረችኝም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉትቻው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፋጡማ ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣለች፣ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ።